ከርቀት የሚሰጥ የሳንባ ተሐድሶ ሕክምና፦ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለባቸው የከሚሴና የአካባቢዋ ሕሙማን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዚህ ቆላማ ዞን በሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሠራ የጤና ባለሙያ ሁሉ አንድ ዓይነት ሕመምተኛን ደጋግሞ ሳያይ አይቀርም። ዕድሜያቸው ሃምሳን የተሻገረ እናት ናቸው። ከዓመታት በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደው ጨርሰዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ መስኮት በሌለው ማድ ቤት በጉልቻ ላይ እንጨትና ኩበት እያነደዱ ጋግረዋል። ዛሬ ውኃ መቅዳቱ ቀርቶ ከቤታቸው እስከ ጎረቤት ደጃፍ መሄድ ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል። አክታቸው ሲመረመር የቲቢ ባክቴሪያ አይገኝበትም። አንቲባዮቲክ፣ አንዳንዴም የሳልቡታሞል መንፊያ ይታዘዝላቸውና “ራስዎን አያድክሙ፣ ይረፉ” ተብለው ይሸኛሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ብሰው ይመለሳሉ።

ከታዘዙት ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የሚጎዳቸው ያ በቅንነት የተሰጠው “ይረፉ” የሚለው ምክር ነው። ለምን እንደሚጎዳ ለመረዳት ወደ ሕመሙ አሠራር መመለስ ያስፈልጋል።

ጤናማ ሰው ሲራመድ አተነፋፈሱ ይፈጥናል፤ ያስገባውንም አየር ሁሉ በቀላሉ ያስወጣል። የአየር ቧንቧው የጠበበ ሰው ግን አየሩን ለማስወጣት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ፍጥነቱ ሲጨምር የማስወጫው ጊዜ ስለሚያጥር ያልወጣው አየር በሳንባው ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ደረቱ አስቀድሞ የተነፋ በመሆኑ ለሚቀጥለው ትንፋሽ የሚሆን ቦታ ያጣል። ሕሙማኑ “አየር አልገባ አለኝ” ሲሉ የሚገልጹት ስሜት በአብዛኛው አየር አልወጣ ከማለቱ የመጣ ነው። ይህን ጭንቀት የቀመሰ ሰው መንቀሳቀስ ይፈራል። የማይንቀሳቀስ እግር ደግሞ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ በተለይ የታፋ ጡንቻ ኦክስጅንን የመጠቀም ችሎታው ይቀንስና በጥቂት እርምጃ ላክቲክ አሲድ ማመንጨት ይጀምራል። ይህን አሲድ ለማካካስ ሰውነት ተጨማሪ ትንፋሽ ይጠይቃል። ትናንት መቶ ሜትር የሚያስኬደው ሳንባ ሳይለወጥ ዛሬ ሃምሳ ሜትር ብቻ የሚሄድ ሰው የሚገኘው በዚህ አዙሪት ነው።

የሳንባ ተሐድሶ ሕክምና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ተሐድሶው የተጎዳውን ሳንባ አይጠግንም፤ የስፓይሮሜትሪ ውጤትም በእርሱ እምብዛም አይለወጥም። የሚለውጠው ጡንቻውን፣ የአተነፋፈስ ሥልቱንና የታማሚውን ፍርሃት ነው። በመጠን የተሰላ የእግር ጉዞና የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ ዋናው አካሉ ሲሆን፣ ስለ ሕመሙና ስለ መድኃኒት አወሳሰድ የሚሰጠው ትምህርት፣ አመጋገብና የሥነ ልቦና ድጋፍ ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኮክሬን ተቋም ያወጣው ግምገማ 65 ጥናቶችን መርምሮ፣ ተሐድሶው ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ ጥበት ሕመም (ሲ.ኦ.ፒ.ዲ.) ባለባቸው ሰዎች ላይ የትንፋሽ ማጠርንና ድካምን እንደሚቀንስ፣ የመራመድ አቅምንም እንደሚጨምር አረጋግጧል። ከቲቢ በኋላ ለሚቀረው የሳንባ ጉዳት ደግሞ ለእኛ ቅርብ የሆነው ማስረጃ የመጣው ከዑጋንዳ ነው። በካምፓላ የስድስት ሳምንት መርሐ ግብር ከጀመሩ 34 ሰዎች መካከል 29ኙ እስከ መጨረሻው ዘልቀው የመራመድ አቅማቸው መሻሻሉ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ ሆኖም የተሳታፊዎቹ ሕመም ከላይ ከተጠቀሱት እናት ሕመም ጋር አንድ ነው።

በአገራችን የሳንባ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የሳንባ ተሐድሶ ሲባል በመጻሕፍት የምናገኘው ሥዕል፣ ማለትም የመሮጫ ማሽን፣ ብስክሌትና ፊዚዮቴራፒስት ያሉበት አዳራሽ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስምንት ሳምንታት እየተመላለሱ መታከምን ይጠይቃል። ከከሚሴ ደሴ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የባቲ ነዋሪ ወደ ዞኑ ከተማ ለመምጣት በዋናው መንገድ በኮምቦልቻ በኩል መዞር አለበት። ከአርጡማ ፉርሲ ወይም ከደዌ ሐረዋ ገጠር ቀበሌዎች የሚነሳ ሰው ደግሞ አስቀድሞ በእግሩ አውራ ጎዳና መድረስ ይኖርበታል፤ ይህም ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ነው። አሥራ ስድስት ጊዜ መመላለስ የማይታሰብ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃላት አያስፈልጉም። ከዚህም በላይ መንገዱ ራሱ አስተማማኝ ሆኖ አልቆየም። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ በደረሰ ጊዜ ለሥር የሰደደ ሕመም የሚደረግ ክትትል ምን ያህል በቀላሉ እንደሚበጠስ ታይቷል።

ከርቀት የሚሰጥ ተሐድሶ ይህንኑ ሕክምና በታማሚው ቤትና ደጃፍ አድርጎ፣ ክትትሉን በስልክ ወይም በሌላ የመገናኛ መሣሪያ የሚያከናውን ነው። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ዘመን ማዕከሎች ሲዘጉ በብዙ አገሮች ተስፋፋ እንጂ ሐሳቡ ከዚያ የቀደመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሌላ የኮክሬን ግምገማ 1904 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 15 ጥናቶች መርምሮ ከርቀት የተሰጠው ተሐድሶ በማዕከል ከሚሰጠው ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳለው ገልጿል። መርሐ ግብሩን የፈጸሙት ከርቀት ከተከታተሉት 93 በመቶ፣ በአካል ከተከታተሉት ደግሞ 70 በመቶ ናቸው። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ሕሙማን ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ ዕድል እንዲሰጣቸው መክሯል። በግምገማው የተካተቱት ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሲ.ኦ.ፒ.ዲ. ሕሙማን መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ለድኅረ ቲቢ ጉዳትና ለብሮንኪኤክታሲስ ውጤቱን የምንጠቀምበት የሕመሙን አሠራር ተመሳሳይነት መሠረት አድርገን ነው።

ለከሚሴ ዓይነት አካባቢ የሚስማማው ግን ቪዲዮና ኮምፒዩተር የሚጠይቀው ዓይነት አይደለም። በአውስትራሊያ ሜልበርን ከተማ 166 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት የተጠቀመው አንድ የቤት ጉብኝትና በየሳምንቱ የሚደረጉ ሰባት የስልክ ጥሪዎችን ብቻ ነበር። በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ በቤት የሠሩት በስድስት ደቂቃ የሚጓዙት ርቀት በማዕከል ከሠሩት አላነሰም። ባለ ቁልፍ ስልክና አንዲት በሚገባ የሠለጠነች ነርስ ይበቃሉ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ምርመራ

ከርቀት የሚሰጥ ሕክምና ከርቀት አይጀመርም። የመጀመሪያው ግምገማ በአካል መደረግ አለበት፤ ችኮላም አይገባውም። ሕሙማን ለገበያ በሚመጡበት ቀን ቢደረግ ተጨማሪ ጉዞ ያስቀራል፤ ለምሳሌ ባቲ ላይ ሰኞ ይመረጣል፤ የባቲ የሰኞ ገበያ ከሩቅ ቀበሌዎች ሰው የሚሰበስብ ነውና።

ቀዳሚው ጥያቄ የትንፋሹ ማጠር በእርግጥ ከሳንባ የመጣ ነው ወይ የሚለው ነው። በአገራችን በሩማቲክ ትኩሳት ምክንያት የሚመጣ የልብ በር ጥበት ገና በወጣትነት ትንፋሽ ያሳጥራል። ከባድ የደም ማነስም እንዲሁ። የልብ ድምፅ ያልተደመጠለት፣ እግሩ ማበጡ ያልታየለት፣ የደም ግፊቱ ያልተለካለት ሰው ወደ ልምምድ መላክ የለበትም። በዕረፍት ጊዜ የደረት ሕመም ያለበት፣ ቅርብ ጊዜ ራሱን ስቶ የወደቀ፣ ደም የቀላቀለ አክታ የሚተፋ ወይም ትኩሳትና የሌሊት ላብ የጀመረው ሁሉ አስቀድሞ ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ቲቢን በሚመለከት ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው እንደገና ያገረሸን ቲቢ “የቀድሞው ጠባሳ ነው” ብሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛው፣ ምናልባትም የሚብሰው፣ በራጅ የታየውን የቆየ ጠባሳ ብቻ ተመርኩዞ ባክቴሪያው ሳይረጋገጥ ሕክምናውን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ማስጀመር ነው። ጂን ኤክስፐርት የሞተ ባክቴሪያን ዘር ቅንጣት ጭምር ስለሚያገኝ፣ ቀደም ሲል ለታከመ ሰው ዝቅተኛ መጠን ያለው አዎንታዊ ውጤት ሲመጣ የካልቸር ማረጋገጫ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቲቢው የዳነ፣ ሳንባው ግን የተጎዳ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ስድስት ወር መድኃኒት ሳይሆን ተሐድሶ ነው።

ቀጥሎ አቅም ይለካል። ለስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ መለኪያ 30 ሜትር ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ መተላለፊያ ያስፈልጋል፤ የጤና ጣቢያው ግቢ በገመድ ተለክቶ ምልክት ቢደረግበት በቂ ነው። በከሚሴ ሙቀት ግን መለኪያው በጠዋት መደረግ አለበት፤ በዳግም ልኬትም ሰዓቱ ተመሳሳይ ይሁን። ቦታ ከጠፋ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ተነሥተው እንደሚቀመጡ መቁጠር ይቻላል። ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ወይም የሦስት ጊዜ መነሣት ጭማሪ ታማሚው ራሱ የሚሰማው ለውጥ ነው።

የኦክስጅን መለኪያው በጣት ላይ ሲደረግ በዞኑ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በርካታ እናቶች ጣታቸውንና ጥፍራቸውን ሂና ይቀባሉ። ጠቆር ያለ ሂና ብርሃኑን ስለሚጋርድ መሣሪያው ሊሳሳት ወይም ጨርሶ ላያነብ ይችላል፤ ያልተቀባ ጣት መፈለግ ወይም መሣሪያውን በጣቱ ጎንና ጎን ማዞር ይገባል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መሣሪያው ከእውነተኛው መጠን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችልም እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ስለሆነም 90 በመቶ የሚል ንባብ ሁልጊዜ የሚያስተማምን አይደለም። በጉዞው መለኪያ ወቅት ንባቡ ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ መለኪያው እንዲቆም ዓለም አቀፉ መመሪያ ያዝዛል። ማንም በማይመለከትበት ቤት ለሚደረግ ልምምድ ግን ወሰኑ ከዚህ ይበልጥ ጥብቅ ሊሆን ይገባል። በጥቂት እርምጃ ንባቡ እጅግ የሚወርድ ሰው ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይላክ።

የልምምዱ መጠን

ልምምድ እንደ መድኃኒት መጠን አለው። “ይንቀሳቀሱ” ብሎ መምከር “ክኒን ይዋጡ” እንደማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በስድስት ደቂቃ 270 ሜትር የሄዱ እናት በደቂቃ 45 ሜትር ተጉዘዋል። ከዚህ 80 በመቶው በደቂቃ 36 ሜትር ነው፤ በ20 ደቂቃ 720 ሜትር ይሆናል። ከቤታቸው በር እስከ አንድ ዛፍ 60 ሜትር ከሆነ ስድስት ደርሶ መልስ ማለት ነው። እርሳቸው የሚይዙት ይህንን “ስድስት ደርሶ መልስ” የሚለውን ብቻ ነው። መጀመሪያ በመሐል እያረፉ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይሄዳሉ፤ ጊዜው ቀስ በቀስ ወደ 30 ደቂቃ ያድጋል።

የድካሙን መጠን በባለሙያ ቋንቋ ከ0 እስከ 10 በሚሄደው የቦርግ መለኪያ 3 ወይም 4 ላይ እንዲሆን እንፈልጋለን። ቁጥሩ ለማያግባባው ሰው ሌላ መንገድ አለ፦ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር እየቻለ መንዙማ ለማዜም ግን ትንፋሹ የማይበቃው ከሆነ መጠኑ ትክክል ነው። መንዙማውን እንደልብ ካዜመ ፍጥነቱ ይጨመር፤ ቃል ማውጣት ካቃተው ይቁም።

ለጡንቻ ማጠንከሪያ የሚገዛ ዕቃ የለም። ከመደብ ላይ እጅን ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ ታፋን ያጠነክራል። ውኃ የተሞላ የአንድ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ለክንድ ይበቃል። ሲደክም አፍን አሹሎ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርዱ ሁሉ ቀስ ብሎ ማስተንፈስ የተጠራቀመውን አየር ለማስወጣት ይረዳል። ሳልቡታሞል የታዘዘለት ሰው ከልምምዱ ሩብ ሰዓት አስቀድሞ ይንፋ፤ መንፊያውን በ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከተሠራ ማገናኛ ጋር መጠቀም መድኃኒቱ ሳንባ እንዲደርስ ያግዛል። የመንፊያ አጠቃቀም በስልክ ሊታረም ስለማይችል በዚያው በመጀመሪያው ቀን በዓይን ታይቶ ይጠናቀቅ።

ልምምዱን በቀኑ ውስጥ ከታወቀ ሰዓት ጋር ማያያዝ ይረዳል። በዞኑ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት አየሩ ቀዝቃዛ፣ መንገዱም ጸጥ ያለ በመሆኑ ይመረጣል። በረመዳን ወር ቀን ላይ በጥም መለማመድ አይመከርም፤ ከአፍጥር በኋላ ጥቂት ቆይቶ ቀለል ያለ ጉዞ ማድረግ ይቻላል። በየቀኑ የሚወሰዱ መንፊያዎችን ደግሞ ወሩ ከመግባቱ አስቀድሞ ከታማሚው ጋር ተነጋግሮ ወደ ሱሑርና አፍጥር ሰዓት ማዛወር ይገባል። ይህ ውይይት ካልተደረገ መድኃኒቱ በዝምታ ይቋረጣል።

የስልክ ጥሪው

የመርሐ ግብሩ የጀርባ አጥንት ሳምንታዊው ጥሪ ነው። ጥሪው አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ተመሳሳይ ሰው በተመሳሳይ ቀን መደወሉ ከጥሪው ርዝመት ይበልጣል። “ልምምዱን ሠሩ?” ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ “አዎ” ነው፤ ይሉኝታ አለና። ስለዚህ አጠያየቁ ሌላ መሆን አለበት።

“እናቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ እስከ ዛፉ ለመሄድ ያስቸገረዎት ቀን የትኛው ነበር?”

“አልሐምዱሊላህ ልጄ። ሐሙስ አልወጣሁም፤ እንጀራ ስጋግር ውዬ ደረቴ ታፍኖ ነበር።”

በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ነርሷ የቀረውን ቀን፣ ምክንያቱንና ቀጣዩን የምክር ርዕስ አገኘች። የሚጋገርበትን ቀን የዕረፍት ቀን ማድረግ፣ ጭስ የሚቀንስ ምድጃ መጠቀም፣ ወይም ጋገራውን ለሌላ የቤተሰብ አባል ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ትጠይቃለች። በአካባቢው የሚዘወተረውን የወይባ ጢስም ማንሳት ተገቢ ነው። ማጥላላቱ እናቶችን ያርቃል፤ ፊትን ከጢሱ አርቆ፣ በር ከፍቶ መጠቀምን ወይም መተውን ምርጫ አድርጎ ማቅረብ ይሻላል።

ቋንቋን በሚመለከት፣ በዞኑ አብዛኛው ነዋሪ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ጥሪው በዚያው ቋንቋ ቢሆን የሕመም ስሜት በትክክል ይገለጻል። ስለ ትንፋሽ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ከሕሙማኑ ጋር ተመካክሮ አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ነርሷ በጥሪው መሐል የምትተረጉማቸው መሆን የለባቸውም። ስልኩ የማን እንደሆነ መጠየቅም አይዘንጋ። በብዙ ቤቶች ስልኩ የባል ወይም የልጅ ነው፤ ገበያ ከወጣ ስልኩም ወጥቷል። ስለዚህ የጥሪው ሰዓት በመጀመሪያው ቀን ከስልኩ ባለቤት ጋር ጭምር ይወሰን፤ ባለቤቱም ልምምዱን ይይ። ታማሚው ሲብስበት ሚስኮል አድርጎ እንዲጠራ፣ ተቋሙም መልሶ እንዲደውል መስማማት የሒሳብ ችግርን ያቃልላል። ስልክ ለሌላቸው ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አለ፤ ባለሙያዋ በቤት ለቤት ጉብኝቷ ስልኳን ልታውስ ትችላለች። ሥራዋ ግን ከአሁኑም የበዛ ነውና ሳይታሰብበት ተጨማሪ ሸክም መጫን ፍትሐዊ አይደለም።

በየጥሪው መጀመሪያ የአደጋ ምልክቶች ይጠየቃሉ፦ የአክታ ቀለም መለወጥ ወይም መብዛት፣ ደም፣ ትኩሳት፣ አዲስ የደረት ሕመም፣ የእግር እብጠት፣ ራስን መሳት። አንዱ ካለ የዚያ ሳምንት ልምምድ ይቆምና ታማሚው በአካል ይታያል። ማንበብ የማይችል ሰው የሠራበትን ቀን በግድግዳ ላይ በከሰል መስመር ሊመዘግብ ይችላል፤ ነርሷም “መስመሮቹን ይቁጠሩልኝ” ትላለች።

መረቡ ወይም መብራቱ ሲጠፋ ጥሪው ይቋረጣል። ይህ የማይቀር በመሆኑ ታማሚው በመጀመሪያው ቀን የሚቀጥሉትን ሁለት ሳምንታት መጠን አስቀድሞ ይዞ መሄድ አለበት፤ ይኸውም ስድስት ደርሶ መልስ፣ ቀጥሎ ሰባት፣ ቀጥሎ ስምንት። በተጨማሪም ከፍ ብሎ የተጠቀሰው የአውስትራሊያ ጥናት አንድ የማያስደስት ነገር አሳይቷል፦ በዓመቱ ሲለኩ በቤትም ሆነ በማዕከል የሠሩት ያገኙትን ጥቅም ይዘው አልቆዩም። በስምንተኛው ሳምንት ታማሚው ተመልሶ ሲለካ የሚሰጠው ቀጠሮ ስለዚህ የመሰናበቻ አይደለም። ወርኃዊው ጥሪ ይቀጥላል፤ ሕመሙ አገርሽቶ ሆስፒታል የተኛ ሰው ከወጣ በኋላ ደግሞ አቅሙ እንደገና ተለክቶ፣ መጠኑ ዝቅ ብሎ ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀምራል።